የኤሌክትሪክ ሞተር የማያቋርጥ እና የአጭር ጊዜ ከረንት ወሰን

የማያቋርጥ ከረንት ወሰን አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመጠን በላይ ሳይግልና ዕድሜው ሳያጥር ያለ ጊዜ ገደብ ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። የአጭር ጊዜ ከረንት ወሰን ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሆኖ ሞተሩ ለተወሰኑ ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ብቻ የሚችለው ጅረት ነው። ሁለቱም የሚለኩት በአምፔር ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት በሙያተኞች ዘንድ ከረንት ይባላል፤ ወፍጮና የውኃ መሳቢያ የሚያሽከረክረው ሞተር ደግሞ በብዙ ሰው አጠራር ዲናሞ ነው።

አንድ ሞተር «60 አምፔር ይችላል» ቢባል ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል የአካባቢ ሙቀትና በምን ዓይነት ማቀዝቀዣ እንደሆነ ካልተነገረ ቁጥሩ ሙሉ ትርጉም የለውም። ያው ሞተር 60 አምፔርን ለአምስት ሰከንድ ያለ ችግር ሊሸከም፣ ለአንድ ሰዓት ግን ሊቃጠልበት ይችላል። ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ በሊፍት፣ በውኃ ፓምፕ፣ በወፍጮ፣ በኤሌክትሪክ ባቡርና በኤሌክትሪክ መኪና አመራረጥ ላይ በቀጥታ ይታያል። በተለይ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የአየሩ መሳሳት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

## ከረንትና ሙቀት

የሞተር ጥቅል ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ነው። መዳብ ኤሌክትሪክን በደንብ ቢያስተላልፍም ጥቂት ተቃውሞ አለው፤ ስለዚህ ከረንት ሲያልፍበት ይሞቃል። የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከረንቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ከወሰኑ 10 ከመቶ ብቻ የሚበልጥ ከረንት በሽቦው ውስጥ 21 ከመቶ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል። ከመዳቡ ሌላ የሞተሩ ብረት እምብርትና ኩሽኔታዎቹም በመጠኑ ሙቀት ይፈጥራሉ።

ሞተሩ ሲጠፋም ሲሠራም ሙቀቱን በአካሉ በኩል ለአየር ይሰጣል። ነገሩን ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ሮቶ መመሰል ይቻላል። ከላይ የሚገባው ውኃ በከረንቱ የሚፈጠረው ሙቀት፣ ከቀዳዳው የሚወጣው በአየር የሚወሰደው ሙቀት፣ የውኃው ከፍታ ደግሞ የሞተሩ የሙቀት መጠን ነው። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በቀዳዳው የሚወጣው ይበረታል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆኑ ከፍታው ይረጋል። የማያቋርጥ ከረንት ወሰን የሚባለው ይህ የረጋ ከፍታ ከተፈቀደው ምልክት እንዳያልፍ የሚያደርገው ከረንት ነው። የአጭር ጊዜ ወሰን ግን ሮቶው ባዶ ወይም ጎዶሎ ሳለ ቧንቧውን ለጥቂት ጊዜ በኃይል ከመክፈት ጋር ይመሳሰላል፤ ምልክቱ ላይ ከመድረሱ በፊት መዝጋት ግድ ነው።

## የኢንሱሌሽን ደረጃዎች

ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ መጀመሪያ የሚጎዳው መዳቡ ሳይሆን ሽቦውን የሸፈነው ልባስ ማለትም ኢንሱሌሽኑ ነው። ልባሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ወይም ከብረቱ ጋር ይገናኛሉ፤ ሞተሩም «ተቃጠለ» ይባላል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ኢንሱሌሽንን ሊሸከመው በሚችለው የሙቀት መጠን በደረጃ ይከፍላል፦

- ደረጃ ኤ፦ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ
- ደረጃ ኢ፦ 120 ዲግሪ
- ደረጃ ቢ፦ 130 ዲግሪ
- ደረጃ ኤፍ፦ 155 ዲግሪ
- ደረጃ ኤች፦ 180 ዲግሪ

በፋብሪካና በሕንፃ አገልግሎት ላይ ከሚገኙ ሞተሮች ብዙዎቹ ደረጃ ኤፍ ናቸው። ለዚህ ደረጃ የተለመደው ስሌት የአካባቢውን አየር እስከ 40 ዲግሪ፣ የሽቦውን አማካይ የሙቀት ጭማሪ እስከ 105 ዲግሪ ይወስዳል፤ ድምሩ 145 ይሆናል። ቀሪው 10 ዲግሪ ከአማካዩ የበለጠ ለሚግሉ የሽቦው ክፍሎች የተተወ ነው።

ልባሱ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ወዲያው አይቃጠልም። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት የግምት ሕግ መሠረት ሽቦው ከተፈቀደለት በላይ በ10 ዲግሪ ሞቆ ሲሠራ የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ከወሰኑ በላይ የሚሠራ ሞተር ለወራት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል።

## የጊዜ ሚና

የሞተር አካል ከባድ የመዳብና የብረት ክምችት በመሆኑ ቶሎ አይግልም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። የሙቀቱ አወጣጥ ፍጥነት የሙቀት ጊዜ ቋሚ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ይህ ቁጥር ሞተሩ ከመጨረሻው የሙቀት ጭማሪ 63 ከመቶው ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ለትናንሽ ሞተሮች ጥቂት ደቂቃዎች፣ ለትላልቆቹ ከዚያ በጣም የበለጠ ይሆናል።

ለምሳሌ የጊዜ ቋሚው 30 ደቂቃ የሆነ ሞተር ቢወሰድ፣ የተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ላይ ለመድረስ በስሌት የሚፈጅበት ጊዜ የሚከተለው ነው፦

- ከቀዝቃዛ ተነስቶ በማያቋርጥ ወሰኑ 1.5 እጥፍ ከረንት፦ 18 ደቂቃ ገደማ
- ከቀዝቃዛ ተነስቶ በ2 እጥፍ ከረንት፦ 9 ደቂቃ ገደማ
- በወሰኑ 80 ከመቶ ከረንት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቶ ወደ 1.5 እጥፍ ሲሸጋገር፦ 8 ደቂቃ ገደማ

የመጀመሪያውና የሦስተኛው ልዩነት እንደሚያሳየው የአጭር ጊዜ ወሰን ሞተሩ ቀደም ሲል ባሳለፈው ሥራ ላይ ይመሠረታል። ጠዋት ከቀዝቃዛ የተነሳ ሞተር የቻለውን ያው ሞተር ከሰዓት በኋላ ላይችለው ይችላል።

ይህ ስሌት ሞተሩን እንደ አንድ ወጥ አካል ስለሚወስድ ለመካከለኛ ጭነት ይሠራል። በጣም ከፍተኛ በሆነ ከረንት ጊዜ ግን የመዳቡ ሙቀት ወደ ብረቱ ለመሻገር ፋታ አያገኝም፤ ሽቦው ብቻውን በፍጥነት ይግላል። በቀጥታ ከመስመር ጋር የሚገናኝ ኢንዳክሽን ሞተር ሲነሳ ከተመደበለት ከረንት ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይስባል። ሞተሩ ቶሎ ከተሽከረከረ ይህ ጉዳት የለውም። ፓምፑ በቆሻሻ ተይዞ ወይም ወፍጮው ታንቆ ሞተሩ ሳይዞር ከቀረ ግን ጉዳት ለማድረስ ሰከንዶች ይበቃሉ።

## የሥራ ዓይነቶች

አይ.ኢ.ሲ. 60034-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሞተርን ሥራ ከኤስ1 እስከ ኤስ10 በተሰየሙ ዓይነቶች ይመድባል። በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስቱ ናቸው።

ኤስ1 የማያቋርጥ ሥራ ነው። ሞተሩ ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስና ከዚያም በኋላ በቋሚ ጭነት ይሠራል። የአየር ማናፈሻ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የእህል ወፍጮና የፋብሪካ ፓምፕ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

ኤስ2 የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ ወደ አካባቢው ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ያርፋል። የተለመዱት ጊዜያት 10፣ 30፣ 60 እና 90 ደቂቃ ናቸው። የቤት ውስጥ የጁስ መፍጫና የቡና መፍጫም በጠባዩ ከዚሁ ይመደባል። በብዙዎቹ ላይ ያለ ዕረፍት መሥራት የሚችሉት ደቂቃ ተጽፎ ይገኛል። ለቤት የተሠራ መፍጫ በጁስ ቤት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ቶሎ የሚቃጠለው ኃይሉ አንሶ ሳይሆን የተሠራበት የጊዜ ገደብ ስለሚታለፍ ነው።

ኤስ3 ሥራና ዕረፍት የሚፈራረቁበት ነው። የአንድ ዙር ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ተደርጎ ይወሰዳል፤ የሥራው ድርሻም 15፣ 25፣ 40 ወይም 60 ከመቶ ተብሎ ይገለጻል። 40 ከመቶ ማለት 4 ደቂቃ ሥራና 6 ደቂቃ ዕረፍት ነው። ክሬኖችና ሌሎች የማንሻ መሣሪያዎች የዚህ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ።

## አማካይ የሙቀት ከረንት፦ የሊፍት ምሳሌ

ጭነቱ ለሚለዋወጥ ሞተር የሚታሰበው ተራ አማካይ ሳይሆን ተመሳሳይ ሙቀት የሚፈጥር አማካይ ከረንት ነው። የእያንዳንዱ ጊዜ ከረንት ስኩዌር በቆይታው ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ጊዜ ይካፈላል፣ ከዚያም ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ በኢምፔሪያልና በገርጂ አካባቢ፣ እንዳሉት ዓይነት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ የሊፍት ሞተር ይታሰብ። የማያቋርጥ ወሰኑ 20 አምፔር ነው ይባል። በአንድ ጉዞ ሲነሳ ለ4 ሰከንድ 60 አምፔር፣ ከዚያ ለ26 ሰከንድ 25 አምፔር ይስባል፤ ቀጥሎ ለ90 ሰከንድ ይቆማል። የስኩዌሮቹ ድምር 30,650 ሲሆን ለ120 ሰከንድ ሲካፈል 255 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱም 16 አምፔር ገደማ ነው። ሊፍቱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ከ20 አምፔር በላይ ቢስብም ሞተሩ በወሰኑ ውስጥ ነው።

በሥራ መግቢያ ሰዓት ሰው ሲሰለፍ ግን ዕረፍቱ ወደ 30 ሰከንድ ሊያጥር ይችላል። ያኔ ያው 30,650 ለ60 ሰከንድ ይካፈላል፤ ውጤቱ 22.6 አምፔር ነው። ጭነቱ ሳይጨምር፣ ዕረፍቱ በማጠሩ ብቻ ሞተሩ ከማያቋርጥ ወሰኑ አልፏል። ተራው አማካይ በመጀመሪያው ሁኔታ 7.4 አምፔር፣ በሁለተኛው 14.8 አምፔር ስለሚሆን ይህን አደጋ አያሳይም። በተጨማሪም ማናፈሻው ከሞተሩ ዘንግ ጋር የተያያዘ ከሆነ ሞተሩ ሲቆም ማናፈሻውም ይቆማል፤ ስለዚህ የዕረፍት ደቂቃ የማቀዝቀዝ ኃይሉ ከሥራው ደቂቃ ያነሰ ነው።

## የአዲስ አበባ ከፍታ

በሞተር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ከረንት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ቦታና ከ40 ዲግሪ ለማይበልጥ አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ማናፈሻው ያንኑ ያህል አየር ቢገፋም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ዓለም አቀፉ ደረጃ ይህን የሚያስተካክለው ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከሙቀት ጭማሪው ወሰን 1 ከመቶ በማሰብ ነው። ለ2,350 ሜትር ይህ 13.5 ከመቶ ይሆናል። ለደረጃ ኤፍ ሞተር 14 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ ከረንቱን ያለ ቅናሽ እንዲሸከም የአካባቢው አየር ከ40 ሳይሆን ከ26 ዲግሪ ገደማ መብለጥ የለበትም።

የአዲስ አበባ አየር ይህን ቅድመ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ያሟላል፤ በሞቃታማዎቹ ወራት እንኳ አማካዩ የቀን ከፍተኛ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታው የሚቀንሰውን ቅዝቃዜው ይመልሰዋል ማለት ይቻላል። ይህ ግን ጥላ ላለበትና አየር ለሚገባበት ቦታ ብቻ ይሠራል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ወፍጮ ቤት፣ መስኮት የሌለው የፓምፕ ክፍል ወይም ፀሐይ የሚመታው የሊፍት ማሽን ክፍል ከውጭው በጣም ሊሞቅ ይችላል።

ለምሳሌ ክፍሉ 36 ዲግሪ ቢሆን፣ በሙሉ ከረንት የሚሠራ ደረጃ ኤፍ ሞተር ከፍታው ሲታሰብ 119 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ድምሩ 155 ይሆናል። ይህ ከ145 ዲግሪ በ10 ይበልጣል፤ በግምት ሕጉ መሠረት የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከረንቱን በ4 እና 5 ከመቶ መካከል መቀነስ፣ ማለትም ከ20 ወደ 19 አምፔር ማውረድ፣ ወይም ለክፍሉ በቂ የአየር መግቢያና መውጫ ማበጀት ሁኔታውን ወደ ወሰኑ ይመልሰዋል። ደረጃ ኤፍ ኢንሱሌሽን ኖሯቸው በደረጃ ቢ የሙቀት ጭማሪ እንዲሠሩ የተነደፉ ሞተሮች ደግሞ ከመጀመሪያው የ25 ዲግሪ ትርፍ አላቸው።

## በባቡር

የባቡር ሞተር ሲነሳና ዳገት ሲወጣ ብዙ ከረንት፣ ሜዳ ላይ ሲሄድ ጥቂት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የባቡር መሐንዲሶች ከጥንት ጀምሮ ለአንድ ሞተር ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፦ አንዱ የማያቋርጥ፣ ሌላው የአንድ ሰዓት ወሰን። የአንድ ሰዓቱ ይበልጣል። በቀድሞ ዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ነጂው ከፍተኛ ከረንትን ለስንት ደቂቃ ብቻ መጠቀም እንደሚችል የሚያሳይ ምልክት በአምፔር መለኪያው አካባቢ ይቀመጥ ነበር።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥታ ከረንት ይሠራል። ሁለቱ መስመሮቹ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆኑ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ከኢምፔሪያል ብዙም በማይርቀው መገናኛ የሚያልፈው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር በየአጭር ርቀቱ ይቆማል። ስለዚህ ለሞተሮቹ ወሳኙ የአንድ ጊዜ አነሳስ ሳይሆን የመነሳት፣ የመሄድ፣ የመቆምና የማረፍ ዙር አማካይ ሙቀት ነው። ሞተር ባቡሩን በኤሌክትሪክ ፍሬን ሲያቆም እንደ ጄነሬተር ስለሚሠራ ከረንት በሽቦው ማለፉን ይቀጥላል፤ ያም ያሞቀዋል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ገጽታ ያሳያል። ወደ 750 ኪሎ ሜትር በሚሆነው መስመር ላይ ከወደብ የተነሳ የጭነት ባቡር ከባሕር ጠለል አካባቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በጅቡቲ አየሩ ወፍራም ነው፤ በሞቃቱ ወቅት ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይሳሳልም። አንድ ሎኮሞቲቭ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ይገጥማል። በረጅም ዳገት ላይ የአጭር ጊዜ ወሰን ስለማይበቃ ሎኮሞቲቩ የሚጎትተው ክብደት በማያቋርጥ ወሰኑ ይወሰናል።

## በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ የሁለቱ ወሰኖች ልዩነት የተራ ገዢም ጉዳይ ሆኗል። በማስታወቂያ ጎልቶ የሚቀርበው የሞተር ኃይል ብዙውን ጊዜ ለሰከንዶች የሚገኘው ከፍተኛው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 85 ከዚህ ሌላ ሞተሩ ለ30 ደቂቃ በአማካይ ሊሰጠው የሚችለው ኃይል እንዲለካ ያዛል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በጣም ሊያንስ ይችላል።

ለቤት መኪና ይህ ብዙም አያሳስብም። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 10 ከመቶ ተዳፋት ያለውን ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ለክብደቱ ብቻ 22 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃዋል። የአብዛኞቹ መኪኖች የማያቋርጥ ኃይል ከዚህ ይበልጣል። ለትናንሽ ተሽከርካሪዎች ግን ነገሩ ይለያል። ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ ግራም የሆነ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ያንኑ ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወጣ 3.3 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልገዋል። ከፍተኛ ኃይሉ 3.5፣ የማያቋርጥ ኃይሉ ግን 1.5 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር አጭር ዳገትን ይወጣል፤ እንደ እንጦጦ መንገድ በረዘመው ላይ ግን ይግላል ወይም መቆጣጠሪያው ኃይሉን ይቀንሳል። ዳገት ላይ በመጨናነቅ ቆሞ ፍሬን ሳይያዝ በሞተሩ ኃይል መቆየትም ጎጂ ነው፤ ተሽከርካሪው ባይንቀሳቀስም ከረንቱ አይቋረጥም።

በእነዚህ ተሽከርካሪዎች የአጭር ጊዜ ወሰን የሚወሰነው በሽቦው ሙቀት ብቻ አይደለም። ኢንቨርተሩ ከሞተሩ በጣም ቀድሞ ይግላል። ቋሚ ማግኔት ያላቸው ሞተሮችም በከፍተኛ ከረንትና ሙቀት ማግኔታቸው ሊዳከም ይችላል፤ የተዳከመ ማግኔት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አይመለስም።

## መከላከያ

ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ሞተሩን ከቀስ በቀስ መጋል የሚጠብቀው ከኮንታክተሩ ጋር የሚገጠመው ኦቨርሎድ ሪሌይ ነው። ሪሌዩ የሞተሩን የሙቀት ጠባይ ይኮርጃል፦ ትንሽ ትርፍ ከረንትን ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይታገሣል። ደረጃ 10 የተባለው ዓይነት በተስተካከለበት ከረንት 7.2 እጥፍ ከ4 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ያቋርጣል፤ በ1.2 እጥፍ ግን እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሪሌዩ ከረንቱን እንጂ የክፍሉን ሙቀት ወይም የማናፈሻውን መደፈን ስለማያውቅ በትላልቅ ሞተሮች ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ቴርሚስተር ይቀመጣል።

ሪሌይ ደጋግሞ ሲያቋርጥ ማስተካከያውን ከፍ ማድረግ ምልክቱን አጥፍቶ ምክንያቱን መተው ነው። ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ የቮልቴጅ መውረድ ነው፤ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲወርድ ያንኑ ጭነት የሚያሽከረክር ኢንዳክሽን ሞተር ከረንቱን በ11 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ሙቀቱም በ23 ከመቶ ያድጋል። ሌላው ከሦስቱ ፌዝ አንዱ መጥፋቱ ነው፤ በቀሩት ሁለት ውስጥ ከረንቱ ወደ 1.7 እጥፍ፣ ሙቀቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል።

## የሞተር ሰሌዳ አነባበብ

በሞተሩ አካል ላይ ባለው የብረት ሰሌዳ የሚገኘው አምፔር፣ ከጎኑ የተጻፈው የሥራ ዓይነት የሚመለከተው ወሰን ነው። ኤስ1 ከተባለ ቁጥሩ የማያቋርጥ ነው፤ ኤስ2 ወይም ኤስ3 ከተባለ ቁጥሩ ከተጠቀሰው ደቂቃ ወይም ከመቶኛ ጋር ብቻ ይነበባል። ስለዚህ በኤስ3 40 ከመቶ የተመደበ የክሬን ሞተር ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወፍጮ ቢገጠም በሰሌዳው ላይ ካለው ከረንት ሳያልፍም ሊቃጠል ይችላል። የኢንሱሌሽን ደረጃውና የተሰላበት ከፍታም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይፈለጋል።

የተቃጠለ ሞተር እንደገና ሲጠቀለል ሰሌዳው እውነት ሆኖ የሚቆየው ጥቅሉ እንደ ፋብሪካው ከሆነ ብቻ ነው። የሽቦው ውፍረት ስፋት በ10 ከመቶ ካነሰ ተቃውሞው በ11 ከመቶ ያድጋል፤ ልባሱም ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከሆነ የሚፈቀደው የሙቀት መጠን ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ሪሌዩ ከሰሌዳው ባነሰ ከረንት መስተካከል ይኖርበታል።